ልኬትና ምስጢር፦ የኑክሊየር ሙከራዎች አለካክ ታሪክና የኢትዮጵያ ድርሻ

መግቢያ

ስለ ኑክሊየር መሣሪያ ሙከራ ሲነገር በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የኃያላን መንግሥታት የጦር መሣሪያ ፉክክር ነው። ጉዳዩ ከኢትዮጵያም ሆነ ከጤና ሙያ ጋር እምብዛም ግንኙነት ያለው አይመስልም። እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ በኤክስሬይ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ደረቱ ላይ የሚያደርጋት አነስተኛ የጨረር መለኪያ ስንት ስታሳይ ሥጋት እንደሚኖር የሚወስነው የመጠን ወሰን በአብዛኛው የተገኘው ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ተጎጂዎች የረጅም ጊዜ ጥናት ነው፤ የዚያ ጥናት ስሌት ደግሞ በኑክሊየር መሞከሪያ ሜዳ ላይ በተወሰዱ ልኬቶች የተደገፈ ነው። በአዲስ አበባ የመሬትን እንቅስቃሴ ለብዙ ዓመታት ሲመዘግብ የኖረው መሣሪያም የአንድ ዓለም አቀፍ መረብ አካል ነበር፤ የመረቡ ወጪ የተሸፈነውም ከመሬት በታች የሚካሄዱ የኑክሊየር ሙከራዎችን ለመለየት ከተመደበ ገንዘብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የፍንዳታ ግፊት፣ የጨረርና የመሬት ሞገድ አለካክ እንዴት እንደተጀመረና እንዳደገ፣ ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ድርሻ እንደነበራት ይዳሰሳል። ከታሪኩ ጎልቶ የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው። ይኸውም ልኬት በራሱ ማንንም አያድንም፤ ሰውን የሚጠብቀው ውጤቱ ለሚመለከተው ሰው በግልጽ ሲነገር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፍንዳታ ግፊት፦ ወረቀትና ባዶ ቆርቆሮ

የመጀመሪያው የኑክሊየር ፍንዳታ የተካሄደው ጁላይ 16 ቀን 1945 በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ በረሓ ነበር። በትውልድ ጣሊያናዊ የሆኑት የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚ ከሥፍራው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የተበጣጠሰ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። ከብልጭታው 40 ሰከንድ ያህል በኋላ የግፊቱ ማዕበል ሲደርስ ወረቀቱን ከሰው ቁመት ከፍታ ለቀቁት። ቁርጥራጮቹም ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ተገፍተው ወደቁ። ፌርሚ ከዚህ ተነሥተው የቦምቡ ኃይል ከ10 ሺህ ቶን ቲ.ኤን.ቲ. ጋር እንደሚመጣጠን ገመቱ። በኋላ በተራቀቁ ዘዴዎች የተገኘው መጠን ከ20 ሺህ ቶን በላይ ነው። በእጅ ከተያዘ ወረቀት የተገኘ ግምት ከትክክለኛው መጠን በግማሽ ገደማ ማነሱ ቀላል መሣሪያ በሚያውቅ ሰው እጅ ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳያል።

ይህ መጠን በወቅቱ ጥብቅ ምስጢር ነበር። ነገር ግን የፍንዳታው እሳት በየቅጽበቱ ምን ያህል እንደሰፋ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ለሕዝብ በመውጣታቸው፣ እንግሊዛዊው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ጂ. አይ. ቴይለር ከፎቶግራፎቹ ብቻ ተነሥተው የቦምቡን ኃይል 17 ሺህ ቶን ገደማ አድርገው አሰሉ፤ ስሌቱንም በ1950 አሳተሙት። የተደበቀው ቁጥር በግልጽ ከታየው ምስል ተነበበ ማለት ነው።

ሌላው እንግሊዛዊ ዊልያም ፔኒ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ፍርስራሽ መካከል እየተዘዋወሩ የተጨፈለቁ ቆርቆሮዎችንና የጎበጡ ምሰሶዎችን መረመሩ። አንድን ባዶ ቆርቆሮ ለመጨፍለቅ ምን ያህል ግፊት እንደሚያስፈልግ በሙከራ ማወቅ ስለሚቻል፣ የተጨፈለቀው ቆርቆሮ እንደ መለኪያ ያገለግላል። በ1946 በፓስፊክ ውቅያኖስ በቢኪኒ በተካሄደው ሙከራም ፔኒ ይህንኑ ዘዴ ሆን ብለው ተጠቀሙበት። እጅግ ውድ ከነበሩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሳይሠሩ ሲቀሩ ባዶዎቹ የነዳጅ ቆርቆሮዎች ጥሩ ውጤት ሰጡ።

በ1953 በኔቫዳ በረሓ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው፣ የሰው ቅርጽ ያላቸው አሻንጉሊቶች ተቀምጠውባቸው በፍንዳታ ተፈትነዋል። ከእነዚህና ከመሰል ጥናቶች የተገኘው ዕውቀት ዛሬ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል ያገለግላል። የጆሮ ታምቡር መቀደድ የሚጀምረው ከ35 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ሳንባ የሚጎዳው ግን ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ነው። በርካታ ቁስለኞች የሚጎዱት ደግሞ በግፊቱ በራሱ ሳይሆን ግፊቱ በሚያስወነጭፈው መስታወትና በሚደረመስ ግድግዳ ነው። ይህ ዕውቀት ቦምቡ ኑክሊየርም ሆነ ተራ ፈንጂ አይለወጥም።

ጨረር፦ የሚታየው አመድና የማይታየው ቁጥር

ግፊት በሰከንዶች ያልፋል፤ ጨረር ግን በአፈር፣ በሣር፣ በወተትና በአጥንት ውስጥ ይቆያል። የሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያ ቦምብ ኦገስት 29 ቀን 1949 በምስጢር ሲፈነዳ የተደረሰበት በጨረር ነበር። ከጃፓን ወደ አላስካ ይበር የነበረ የአሜሪካ አውሮፕላን በያዘው የማጣሪያ ወረቀት ላይ የተሰበሰበው አቧራ በላቦራቶሪ ሲመረመር ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ተገኙበት። ከዚያ ወዲህ ማንም መንግሥት በአየር ላይ ያፈነዳውን ቦምብ መደበቅ እንደማይችል ታወቀ።

የጨረር ልኬት ከታማሚው ከተደበቀ ምን እንደሚያስከትል ያሳየው ማርች 1 ቀን 1954 በቢኪኒ የፈነዳው "ብራቮ" የተባለው ቦምብ ነው። ኃይሉ 15 ሚሊዮን ቶን ሲሆን ከተጠበቀው በእጥፍ ይበልጥ ነበር። በአቅራቢያው ባለችው በሮንጌላፕ ደሴት ላይ ነጭ አመድ ዘነበ፤ ሕፃናትም ተጫወቱበት። ነዋሪዎቹ እንዲነሡ የተደረገው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የቆዳ ቃጠሎና የፀጉር መርገፍ ታየባቸው። ወዲያውም "ፕሮጀክት 4.1" በሚል ስያሜ የጤና ጥናት ተጀመረባቸው። በ1957 ደሴቲቱ ለመኖሪያ ትመቻለች ተብሎ ተመለሱ፤ አፈሩና ምግቡ ግን ገና በጨረር እንደተበከለ ነበር። ከ1963 ጀምሮ በተለይ በልጅነታቸው በተጋለጡት ላይ የታይሮይድ ዕጢ እብጠት መታየት ጀመረ። ሕዝቡ በ1985 ደሴቱን ጥሎ ወጣ። ደማቸውና ሽንታቸው ለዓመታት ሲለካ ኖሯል፤ ከውጤቱ ግን በመጨረሻ ተጠቃሚ የሆኑት እነርሱ አልነበሩም።

በዚያው ቀን "ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ" የተባለች የጃፓን የዓሣ ጀልባ ከ23 ሠራተኞቿ ጋር አመዱ ወረደባት። ከሠራተኞቹ አንዱ አይኪቺ ኩቦያማ በሴፕቴምበር 1954 ሞቱ። የጃፓን ሳይንቲስቶች ግን አመዱን ከጀልባዋ ወስደው መረመሩና ውጤቱን በግልጽ አሳተሙ። ጆሴፍ ሮትብላት የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ ከዚህ ግልጽ መረጃ ተነሥተው ቦምቡ ይነገር ከነበረው እጅግ የበለጠ ጨረር አመንጪ ብናኝ የሚበትን ዓይነት መሆኑን ለዓለም አሳወቁ።

በሂሮሺማና በናጋሳኪም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቷል። በ1947 ሥራ የጀመረው የአሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ ተጎጂዎች ኮሚሽን ተጎጂዎችን ይመረምር ነበር እንጂ አያክምም ነበር። "ይለኩናል እንጂ አያድኑንም" የሚለው ቅሬታ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ተቋሙ በ1975 ጃፓንና አሜሪካ በጋራ የሚያስተዳድሩት የጥናት ድርጅት ሆነ። በ1950 የተጀመረውና 120 ሺህ ያህል ሰዎችን ያቀፈው ክትትል የደም ካንሰር ከተጋለጡ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚጨምር፣ ሌሎች ካንሰሮች ግን ከአሥርና ከሃያ ዓመታት በኋላ እንደሚከሰቱ፣ ሕፃናትም ከዐዋቂዎች ይልቅ እንደሚጎዱ አስረድቷል።

ለዚህ ክትትል እያንዳንዱ ሰው የደረሰበትን የጨረር መጠን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በ1962 በኔቫዳ በረሓ 465 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ ላይ አነስተኛ የኑክሊየር ማብላያ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ በጃፓን አሠራር የታነጹ ቤቶች ተተክለው ግድግዳና ጣራ ምን ያህል ጨረር እንደሚያስቀር ተለካ። ይህና በ1965፣ በ1986 እና በ2002 የተሻሻሉት ስሌቶች ለዛሬው የጨረር ጥበቃ ሕግ መሠረት ናቸው። ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን በ1990 የጨረር ሠራተኛ የዓመት ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ 20 ሚሊ ሲቨርት እንዲሆን ያሳሰበው በዋነኛነት ከዚሁ ክትትል በተገኘ ማስረጃ ተነሥቶ ነው።

የወተት ጥርስና የሰሐራ አቧራ

ስትሮንሺየም 90 በሰውነት ውስጥ እንደ ካልሲየም ስለሚቆጠር ከወተት ወደ አጥንትና ወደ ጥርስ ይገባል። በ1958 መጨረሻ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በዶክተር ሉዊዝ ሪስ መሪነት ወላጆች የልጆቻቸውን የወለቀ የወተት ጥርስ እንዲልኩ ተጠየቁ። ወደ ሦስት መቶ ሺህ ጥርስ ተሰበሰበ። ውጤቱም የቦምብ ሙከራ በበዛባቸው ዓመታት የተወለዱ ሕፃናት ጥርስ ቀደም ብለው ከተወለዱት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ስትሮንሺየም እንደያዘ አሳየ። ጥናቱ ከፍተኛ መሣሪያ አላስፈለገውም። ያስፈለገው የእናቶች እምነት ነበር፤ እምነቱም የተገኘው ውጤቱ ለእናቶቹ ስለሚነገር ነው።

በአፍሪካ ምድር ፈረንሳይ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 በአልጄሪያ ሰሐራ፣ ሬጋን አካባቢ 70 ሺህ ቶን ኃይል ያለው ቦምብ አፈነዳች፤ እስከ ኤፕሪል 1961 ድረስም በአየር ላይ ሦስት ተጨማሪ ሙከራዎች አካሄደች። በኋላም በኢን ኤከር ተራራ ውስጥ 13 ሙከራዎች ተደረጉ። ከእነዚህ አንዱ ሜይ 1 ቀን 1962 ተራራውን ሰንጥቆ በመውጣቱ ሙከራውን ሊመለከቱ የመጡ ሁለት ሚኒስትሮች ሳይቀሩ በጨረር ተበክለዋል። በ2013 ምስጢርነታቸው የተነሣ ሰነዶች የመጀመሪያው ሙከራ ብናኝ ቀደም ሲል ከተነገረው ይልቅ በአፍሪካ ሰፊ ክፍል ላይ እንደተበተነ አሳይተዋል። እነዚህ ልኬቶችም ለሕዝብ የደረሱት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አቧራ በአየር ምን ያህል እንደሚጓዝ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በኖቬምበር 2025 በአፋር የፈነዳው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ አመድ በቀናት ውስጥ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን፣ ኦማንንና ሕንድን ነክቷል።

የመሬት ሞገድ፦ የልዩነት ምርመራ

በአየር ላይ የሚፈነዳ ቦምብ በጨረሩና በግፊቱ ይታወቃል። ኦክቶበር 30 ቀን 1961 ሶቪየት ኅብረት ያፈነዳችው 50 ሚሊዮን ቶን ኃይል ያለው ቦምብ የፈጠረው የአየር ግፊት ሞገድ ምድርን ደጋግሞ ሲዞር በብዙ አገር ተመዝግቧል። ችግሩ ከመሬት በታች የሚፈነዳው ነው። ጨረሩ ተቀብሮ ይቀራል፤ የሚወጣው የመሬት ንዝረት ብቻ ነው። ንዝረቱም የተፈጥሮ የመሬት መንቀጥቀጥን ይመስላል።

ጁላይና ኦገስት 1958 የምሥራቁና የምዕራቡ ጎራ ባለሙያዎች በጄኔቫ ተሰብስበው ሙከራን ለመቆጣጠር ከ160 እስከ 170 የሚደርሱ የየብስ ጣቢያዎች እንደሚያስፈልጉ ሐሳብ አቀረቡ። ይሁን እንጂ አነስተኛ የሆነን የመሬት ውስጥ ፍንዳታ ከመሬት መንቀጥቀጥ መለየት ከታሰበው ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ መንግሥትም ለሲስሞሎጂ ጥናት ከፍተኛ ገንዘብ መደበ። ከዚህ ገንዘብ የተወለደው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በ60 ያህል አገሮች 120 ያህል ጣቢያዎችን ያቀፈው ዓለም አቀፍ ወጥ የሲስሞግራፍ መረብ ነው። ከጣቢያዎቹ አንዱ አዲስ አበባ ሆነ።

አዲስ አበባ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥርተው ነበር። ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በአቅራቢያው በማለፉ ከተማዋ ለመግነጢስ ልኬት ተፈላጊ ሆና ነበር። የመግነጢስ ምዝገባው በ1958 ከተጀመረ በኋላ የመሬት ንዝረት ምዝገባ ተከተለው። ጁን 1961 በወሎና በሸዋ ወሰን የደረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያወድም ኦብዘርቫቶሪው ሥራ ላይ ነበር።

የመረቡ መሣሪያዎች ሦስት ፈጣን፣ ሦስት ደግሞ ዝግተኛ ንዝረትን የሚመዘግቡ ነበሩ። ምዝገባው የሚካሄደው በሚሽከረከር በርሜል ላይ በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በየዕለቱ ተነሥቶ፣ እንደ ኤክስሬይ ፊልም በጨለማ ክፍል ታጥቦ ይነበባል።

ንባቡም ከሐኪም የልዩነት ምርመራ ጋር ይመሳሰላል። ፍንዳታ በዙሪያው ያለውን ዐለት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይገፋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሞገድ በየትኛውም ጣቢያ የመገፋት ምልክት ይሰጣል። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ሁለት ዐለቶች ሲንሸራተቱ የሚፈጠር በመሆኑ በአንዳንድ ጣቢያ መገፋት፣ በሌላው መሳብ ይታያል። ሁለተኛው ምልክት ጥልቀት ነው፤ ከመሬት በታች ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ ቦምብ የሚቀብር የለም። ሦስተኛው በምድር ገጽ ላይ የሚጓዘው ዝግተኛ ሞገድ ነው፤ በፍንዳታ ጊዜ ይህ ሞገድ ከውስጥ ሞገዱ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። አንዱ ምልክት ብቻውን አያስተማምንም፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲታዩ ግን ምርመራው ይጠናል።

መረቡን ከቀደሙት ሁሉ የለየው ግልጽነቱ ነው። የእያንዳንዱ ጣቢያ ወረቀት በማይክሮ ፊልም ተቀድቶ ዋናው ለጣቢያው ይመለሳል፤ ቅጂውን ደግሞ ማንኛውም አጥኚ በመጠነኛ ዋጋ ሊያገኝ ይችል ነበር። ለጦር ዓላማ የተገዛ መሣሪያ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ ወለደ። የምድር ቅርፊት ተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎች ንድፈ ሐሳብ በ1960ዎቹ የተጠናከረው በዚሁ መዝገብ ነው። ጉዋንም በ1969 የአፋሯ ሰርዶ የወደመችበትን ጨምሮ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጦች በመሣሪያና በታሪክ ሰነድ አጥንተው በ1976 የአደጋ ቀጣና ካርታ፣ በ1979 ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አሳተሙ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ በደረሰው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቀያቸው ሲነሡ፣ የንዝረቱን መጠን ለሕዝብ ይገልጽ የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት የዚያ ኦብዘርቫቶሪ ወራሽ ነው።

ልኬት ወደ ውል

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ የነበራት ድርሻ በመሣሪያ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የኑክሊየር መሣሪያን መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጻረር ነው የሚለውን ውሳኔ ቁጥር 1653 ሲያጸድቅ ሐሳቡን በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች። በ1962 በጄኔቫ ሥራውን በጀመረው የአሥራ ስምንት አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ውስጥ ከስምንቱ ገለልተኛ አገሮች አንዷ ሆነች። ስምንቱ አገሮች ኤፕሪል 16 ቀን 1962 ባቀረቡት የጋራ ማስታወሻ በየአገሩ ያሉት የመመዝገቢያ ጣቢያዎች መረጃቸውን ለአንድ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ኮሚሽን እንዲሰጡና ኮሚሽኑ እንዲመረምረው ጠየቁ። ለዚያ ዘመን ሐሳቡ ደፋር ነበር።

ኦገስት 5 ቀን 1963 በሞስኮ የተፈረመው ውል በአየር፣ በውኃ ውስጥና በሕዋ የሚደረጉ ሙከራዎችን ከለከለ፤ የመሬት ውስጡን ግን ተወው። ለዚህ ከተሰጡት ዋና ምክንያቶች አንዱ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለካ አለመቻሉ ነው። ሊለካ የቻለው ታገደ፤ ያልቻለው ቀጠለ። ፈረንሳይ እስከ 1974፣ ቻይና እስከ 1980 በአየር ላይ መሞከራቸውን ባያቆሙም የውሉ ፋይዳ በወተትና በጥርስ ላይ ታይቷል። በዓለም ሕዝብ ላይ ከሙከራ ብናኝ የደረሰው አማካይ ጨረር በ1963 ወደ 0.11 ሚሊ ሲቨርት ከፍ ብሎ ከዚያ ወዲህ በተከታታይ ወርዷል። ከዚህ አንጻር ውሉ በዘመኑ ከተወሰዱት ታላላቅ የኅብረተሰብ ጤና እርምጃዎች ጋር ሊቆጠር ይገባዋል።

ሁሉንም ዓይነት ሙከራ የሚያግደውን ውል ኢትዮጵያ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1996 ፈርማ ኦገስት 8 ቀን 2006 አጽድቃዋለች። ውሉ ገና በሥራ ላይ አልዋለም፤ ሩሲያም በ2023 ማጽደቋን ሰርዛለች። ይሁንና የውሉ መቆጣጠሪያ መረብ በመላው ዓለም ተዘርግቷል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በፉሪ ተራራ የሚገኘው የንዝረት ጣቢያ በዚህ መረብ ውስጥ ተመድቧል፤ በውሉ ዝርዝር ውስጥ ለፊልቱም የጨረር ብናኝ ጣቢያ ተይዞላታል። ኢትዮጵያ ካጸደቀች ከሁለት ወር በኋላ ሰሜን ኮሪያ የመጀመሪያ ሙከራዋን ስታደርግ መረቡ ንዝረቱን መዝግቦ ከቀናት በኋላም በካናዳ ከፍንዳታው የወጣውን የዜኖን ጋዝ አገኘ። በ2011 የፉኩሺማ አደጋ ጊዜም ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ የተከታተለው ይኸው መረብ ነበር።

በጎጃም አፈር የቀረው መዝገብ

የሙከራዎቹ ዘመን አሻራ ከመሣሪያ ክፍል ውጭም ይገኛል። በላይኛው አየር የተበተነው ሲዚየም 137 ከዝናብ ጋር ስለሚወርድ በምድር ሁሉ አፈር ላይ አርፏል። ክምችቱ የሚበዛው በሰሜን ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ኬክሮስ ላይ ነው። በ10 እና በ12 ዲግሪ ሰሜን መካከል ያለው ምዕራብ ጎጃም የደረሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የሲዚየም ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት በመሆኑ በ1963 ከነበረው ዛሬ የቀረው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ለነዋሪው ጤና ሥጋት የሚባል አይደለም።

ሲዚየም ከሸክላ አፈር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ አፈር ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በተራራው ወገብ ላይ የቀረውንና በሸለቆው የተከማቸውን በማነጻጸር ከ1960ዎቹ ወዲህ የታጠበውን አፈር መገመት ይቻላል። ዘዴው በኢትዮጵያ ደጋ አካባቢዎችም ተሠርቶበታል። በደምበጫ አቅራቢያ በአንጀኒ ተፋሰስ ከ1984 ጀምሮ የአፈር መታጠብ በመደብ ሲለካ ቆይቷል፤ ሲዚየም ደግሞ ከዚያ በፊት ስለነበሩት ዓመታት ይናገራል። በክረምት ጢስ ዓባይ ላይ ደፍርሶ የሚወረወረው ውኃ ከጎጃም እርሻ የሚወስደው አፈር የዚያን ዘመን ብናኝም ይዞ ይወርዳል።

ዛፎችም እንዲሁ መዝገብ ናቸው። የአየር ላይ ሙከራዎች ከባቢ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 በሰሜን ንፍቀ ክበብ በእጥፍ ገደማ አሳድገውት ነበር። በ2009 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን የጽድ ዛፍ ቀለበቶች በየዓመቱ መፈጠር አለመፈጠራቸውን ለማረጋገጥ ይህንኑ የቦምብ ካርቦን ተጠቅመዋል። የጥናቱ የሩቅ ግብ የዓባይን ያለፉ ዘመናት የውኃ መጠን ከዛፍ ማንበብ ነው። በሕክምናም ከ2005 ጀምሮ በስዊድን የተካሄዱ ጥናቶች በዚሁ ካርቦን የሰውን ሕዋሳት ዕድሜ መለካት ችለዋል።

ለጤና ባለሙያ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው የአዮዲን ጉዳይ ነው። በምግቡ አዮዲን ያነሰው ሰው ታይሮይድ ዕጢው ጨረር አመንጪውን አዮዲን 131 ይበልጥ ይስባል። ከ1986 የቼርኖቢል አደጋ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በአዮዲን እጥረት አካባቢ የሚኖሩ ሕፃናት ለታይሮይድ ካንሰር ይበልጥ እንደተጋለጡ አሳይተዋል። እንቅርት የጎጃም ደጋ የቆየ ችግር ነው። አዮዲን ያለው ጨው እንዲዳረስ የሚደረገው ጥረት እንግዲህ ከእንቅርት መከላከያነቱ በተጨማሪ ሳይታሰብ ለሚደርስ የጨረር አደጋም ቅድመ ጥንቃቄ ነው።

ማጠቃለያ

በአየር ላይ ከተካሄዱት 543 ሙከራዎች የወረደው ብናኝ ዛሬ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጨረር ከተፈጥሮው 2.4 ሚሊ ሲቨርት የዓመት አማካይ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በአሁኑ ጊዜ ከሰው ሠራሽ ምንጮች ሁሉ ለዓለም ሕዝብ ከፍተኛውን ጨረር የሚያደርሰው ሕክምና ነው። አንድ የሆድ ሲቲ ስካን ብቻውን ብዙውን ጊዜ በ1963 ከቦምብ ብናኝ ከደረሰው የዓመት አማካይ ከሃምሳ እጥፍ በላይ ያደርሳል። መለኪያውም ኃላፊነቱም በሌላ አነጋገር ከጦር ሠራዊት እጅ ወደ ጤና ባለሙያው እጅ ተሻግሯል።

በሮንጌላፕ ልኬት ነበር፤ ለነዋሪዎቹ ግን አልተነገራቸውም። በሴንት ሉዊስ ልኬት ነበር፤ እናቶች ሰሙት፤ ለ1963ቱ ውልም ድምፅ ሆነ። በአራት ኪሎ የታጠበው ወረቀት ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ቦምብን ለመለየት ታስቦ የመሬት መንቀጥቀጥን አደጋ ለማወቅ ጠቀመ። በኢትዮጵያ በ1993 በወጣው አዋጅ ቁጥር 79 የጨረር መከላከያ ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ የጨረር ሠራተኞችን መጠን መከታተል ሕጋዊ ግዴታ ሆኗል። የደረት መለኪያው ተሰብስቦ፣ ተነብቦ፣ በመዝገብ መስፈሩ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ንባቡ ለተሸከመው ባለሙያ መመለሱ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ለምርመራ የመጣችው እናትም ለምን እንደምትጠየቅና ምን ያህል ጨረር እንደሚደርስባት በምትረዳው ቋንቋ መስማቷ ነው።